የዓድዋ ማግስት ሱሺ

የካቲት 23 ዓድዋ ነው። በማግስቱ፣ በፈረንጆቹ ማርች 3፣ ጃፓኖች ሂናማትሱሪ የሚሉትን የሴት ልጆች በዓል ያከብራሉ። ሴት ልጅ ባለችበት ቤት ቀይ ጨርቅ የተነጠፈበት ደረጃ ይዘጋጅና የጥንት የቤተ መንግሥት ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች ይደረደሩበታል፤ ከላይ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌዪቱ፣ ከሥራቸው ደንገጡሮቹ፣ ዝቅ ብሎ ሙዚቀኞቹ። በዓሉ አልፎ አሻንጉሊቶቹ ሳይነሡ ከቆዩ ልጅቷ ባል ሳታገኝ ትቆያለች የሚል አባባል ስላለ እናቶች ቶሎ ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ ይከቷቸዋል። የዕለቱ ምግብ ቺራሺዙሺ ይባላል። በአቼቶና በስኳር የተቀመመ ሩዝ ሰፊ ሳሕን ላይ ተዘርግቶ፣ ከላዩ እንደ ክር የተከተፈ እንቁላል፣ ሽሪምፕ፣ እንጉዳይ፣ የአተር እሸትና ሮዝ ቀለም ያለው የዓሣ ብናኝ ይበተንበታል። ቤተሰቡም ከአንዱ ሳሕን እየቆነጠረ ለየራሱ ያወጣል።

ለሄልስፊር ሰው ሱሺ እንግዳ ምግብ አይደለም። ሄልስፊር ወደ ምሥራቅ ኦስሎ የሚሄዱት የቲባነ ባቡሮችና አውቶቡሶች የሚገናኙበት፣ ቢሮ የበዛበት ሰፈር ነው። የድሮው የክብሪት ፋብሪካ ስሙን ለአደባባዩና ለጎዳናው አውርሷል። ፊርስቲካሌን በተባለው በዚሁ ጎዳና ላይ፣ ኖርዌይ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ደብዳቤው ሲመጣ ልቡ የሚመታበት፣ ናቭ የሚባለው የሥራና የማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት አለ። እንዲህ ባለ ሰፈር ምሳ ሰዓት ላይ በላስቲክ ሣጥን የታሸገ ሱሺ የያዘ ሰው ማየት የተለመደ ነው። ያ ጥቅልል ግን የሱቅ ምግብ ነው፤ ጃፓናዊቷ እናት ለልጇ በዓል የምትሠራው ይህን ቺራሺ ነው። መጠቅለያ ምንጣፍ አያስፈልገውም፤ ለዓመታት የሠለጠነ እጅም አይጠይቅም። ሩዙን በሥርዓቱ ያበሰለና ለእያንዳንዱ ማጀቢያ የራሱን ጣዕም የሰጠ ሰው የሚቀረው መበተን ብቻ ነው።

መልኩ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቶኪዮ ቺራሺ ብለው ቢያዝዙ የሚመጣልዎ ጥሬ ዓሣ ከላይ የተደረደረበት ሩዝ ነው። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሳካና ኦካያማ ሲሄዱ ግን በጣፋጭ ሶያ የበሰሉ አትክልቶችና እንጉዳይ ከሩዙ ጋር ይደባለቃሉ፤ ጥሬ ዓሣ ጨርሶ ላይኖረው ይችላል። የኦካያማው ታሪክ ያስቃል። በ17ኛው መቶ ዘመን ግዛቱን ያስተዳድር የነበረው መስፍን ኢኬዳ ሚትሱማሳ ቁጠባን ለማስፈን ሕዝቡ ከአንድ ሾርባና ከአንድ ማጀቢያ በላይ እንዳይበላ አዘዘ ይባላል። ሕዝቡም አትክልቱንም ዓሣውንም ሩዙ ውስጥ ቀላቅሎ «ይኸው አንድ ምግብ ነው» አለ። አንዳንዱማ ጥሩ ጥሩውን ከሣጥኑ ሥር ደብቆ ከላዩ ነጭ ሩዝ ያለብስና፣ ሊበላ ሲል ገልብጦ ያወጣው ነበር አሉ። ለቤት የምመክረው ይህን የምዕራቡን መንገድ ነው። አብዛኛው ሥራ ከቀኑ በፊት ያልቃል፣ ዋጋውም ይቀላል፣ በጾም ወቅትም ይሠራል፤ የካቲት 24 ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው።

ለሸመታው ከሄልስፊር ቲባነ ተሳፍረው ኤንሾንና ቶየንን አልፈው ግሮንላንድ ሰፈር ይወርዳሉ። ለበርበሬና ለምስር የምንሄድባቸው የእስያ ሱቆች ከሚፈልጉት ዕቃ አብዛኛውን ይይዛሉ፦ የሱሺ ሩዝ፣ የሩዝ አቼቶ፣ ሶያ ሶስ፣ ሺታኬ የሚባለው የደረቀ እንጉዳይ፣ ኮምቡና ኖሪ የሚባሉት የባሕር ቅጠሎች፣ እንዲሁም ተቆራርጦ በበረዶ የሚሸጥ የሎተስ ሥር። ሩዙ ላይ አይቆጥቡ። ለፒላው የምንወደው ረጅሙ የባስማቲ ዘር ፍሬ ለፍሬ ስለማይያያዝ ለዚህ አይሆንም፤ የሚፈለገው አጭሩና ድቡልቡሉ ዘር ነው። ኖርዌጂያኖች በወተት ገንፎ የሚሠሩበት ግሮትሪስም አጭር ዘር ስለሆነ በችግር ቀን ያገለግላል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚልም ውሃውን ቀነስ ማድረግ ይሻላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሩዝ ሲባል መጀመሪያ የሚነሣው ፎገራ ነው። ጣና ዳር ያለው ገበሬ ሩዙን ከጤፍ ጋር አስፈጭቶ እንጀራ ያደርገዋል፤ ወረታ ላይ ያለውን የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ደግሞ የጃፓን መንግሥት በተራድኦ ድርጅቱ በጃይካ በኩል ሲደግፈው ቆይቷል። ሩዝ ለፎገራ ገበሬ ለእንጀራ ዱቄት የሚውል እህል ነው። ጃፓናዊው ግን ፍሬው ሳይሰበር፣ እያንዳንዱ እየታየ ግን ተያይዞ እንዲበስል ይፈልጋል፤ ሥራው በሙሉ የሚያነጣጥረው እዚህ ላይ ነው።

ለአራት ወይም ለአምስት ሰው 450 ግራም ሩዝ ይበቃል። ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ውሃ አፍስሰው በእጅ ቀስ እያሉ ያሹትና ውሃውን ይድፉ፤ ወተት የመሰለው ውሃ ጠራ እስኪል ይደጋግሙት። ከዚያ ወንፊት ላይ ለግማሽ ሰዓት ያንጠፍጥፉት። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ድስት ውስጥ ከ5.5 ዴሲሊትር ውሃና ከአንድ የጣት ርዝመት ኮምቡ ጋር ይጣዳል። ውሃው ለተራ ሩዝ ከሚጨመረው አነስ ያለው በኋላ አቼቶ ስለሚጠጣ ነው። ከማሪዳልስቫኔ ሐይቅ የሚመጣው የኦስሎ የቧንቧ ውሃ ለስላሳ፣ ማለትም የኖራ ማዕድን ያልበዛበት ስለሆነ ለሩዝ ይመቻል። መፍላት ሲጀምር ኮምቡውን አውጥተው እሳቱን ዝቅ ያድርጉና 12 ደቂቃ ያብስሉት፤ ከዚያ እሳቱን አጥፍተው ለሌላ 15 ደቂቃ እንደተከደነ ይተዉት። በዚህ መሀል ክዳን መክፈት የለም። ወጥ ቤት ገብቶ ክዳን እያነሣ የሚያሸት ሰው ካለ ቀድሞ ይነገረው።

ሩዙ እያረፈ ሳለ 75 ሚሊ ሊትር የሩዝ አቼቶ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ትንሽ ድስት ውስጥ አሙቀው ያሟሙ፤ እንዳይፈላ፣ ከፈላ የአቼቶው ሽታ ይጠፋል። ጃፓኖች ሩዙን የሚገለብጡት ሃንጊሪ ወደሚባል ሰፊ የእንጨት ገንዳ ውስጥ ነው፤ እንጨቱ ትርፉን እርጥበት ይመጥጣል። ከአገር ቤት የመጣ ሊጥ ያልነካው ገበቴ ያለው ሰው በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ ሊጠቀምበት ይችላል። የሌለው ሰፊ ትሪ ያምጣ።

አሁን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ የበሰለውን ሩዝ ትሪው ላይ ገልብጦ አቼቶውን በእንጨት ማንኪያው ጀርባ ላይ እያንጠባጠበ ያዳርሳል፤ ከዚያ ማንኪያውን በጠርዙ አቁሞ ሩዙን እንደሚከትፍ ሰው ወዲያና ወዲህ ይሰነጥቀዋል። ማማሰል ክልክል ነው፤ ፍሬው ይሰበርና ገንፎ ይሆናል። ሌላው ሰው በእርግብግቢት ያራግባል። አዎ፣ የቡና ከሰል በምናራግብበት በዚያው በስፌቱ እርግብግቢት፤ ጃፓኖች በወረቀት ማራገቢያ የሚሠሩት ሥራ ነው። ነፋሱ የላዩን እርጥበት አንሥቶ ስለሚወስድ ፍሬው ላይ ስስ አንጸባራቂ ሽፋን ይቀራል። አምስት ደቂቃ ያህል ከተራገበ በኋላ አንዲት ፍሬ አንሥተው ወደ ብርሃን ቢያዞሯት ዶቃ መስላ ታበራለች። ሙቀቱ የሰው ገላ ያህል ሲሆን እርጥብ ፎጣ ይልበስ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አይገባም፤ ብርድ የሩዙን ስታርች ስለሚያደርቀው ፍሬው ጠጣር ይሆናል።

ሐበሻ አብሳይን የሚያስቸግረው ቀጣዩ ክፍል ነው። እጃችን የለመደው ሽንኩርቱን፣ በርበሬውንና ቅመሙን በአንድ ድስት አዋሕዶ አንድ ጣዕም ማድረግን ነው። ቺራሺ ግን የበያይነቱ ዘመድ ነው፤ እያንዳንዱ በየራሱ ድስት በስሎ፣ በየራሱ ጨውና ስኳር ተቃኝቶ ይመጣና ሁሉም ትሪው ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ጣፈጥ፣ አንዱ ኮምጠጥ፣ ሌላው ጨው ጨው ካላለ አፍ ውስጥ ሁሉም ሩዝ ሩዝ ይላል። ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ካሮቱንም እንጉዳዩንም አንድ ላይ መቀቀል ምግቡን ይገድለዋል።

እንጉዳዩ ዋነኛው ነው። ስድስት ያህል የደረቀ ሺታኬ ከዋዜማው ጀምሮ በቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ግንዱ ተቆርጦ ይጣልና ራሱ በስሱ ተከትፎ፣ በዚያው በተዘፈዘፈበት ውሃ፣ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስና በሁለት ማንኪያ ስኳር ለስለስ ባለ እሳት ይበስላል፤ ውሃው እስኪመጥ፣ ድስቱ ሥር የሚያብረቀርቅ ቡናማ ሽሮፕ ብቻ እስኪቀር። ብዙ መጽሐፍ እዚህ ላይ ሚሪን የሚባል ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ያስጨምራል። አልኮል ስላለበት የማይፈልገው ሰው ስኳሩን ትንሽ ከፍ ቢያደርግ ምንም አይጎድልበትም።

ያ ቡናማ ውሃ ሳይንስም አለው። የቶኪዮው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 እ.ኤ.አ. ኮምቡን ሲመረምር ምግብን የሚያጣፍጠው ግሉታሜት መሆኑን አገኘና ጣዕሙን ኡማሚ አለው። ሌላው ተመራማሪ አኪራ ኩኒናካ ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ እንደ ሺታኬ ባሉ እንጉዳዮች ውስጥ ያለውን ጓኒሌት የተባለ ንጥረ ነገር አጥንቶ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ጣዕሙ ከድምራቸው በብዙ እንደሚበልጥ አሳየ። የቡድሃ ገዳማት አብሳዮች ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው ለዘመናት ይህንኑ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ሥጋም ዓሣም በማይገባበት ድስት ውስጥ ኮምቡና ሺታኬ የአጥንት መረቅን ቦታ ይይዛሉ። የጾም ሽሮ «ምን ልጨምርበት?» እያለ የሚጨነቅ ሰው ከዚህ ሊማር የሚችለው ብዙ ነው። የሺታኬ መዘፍዘፊያ ውሃ በሽሮ ላይ እንዴት እንደሚሆን ይሞከር፤ እኔ ጭልፋ ሙሉ እጨምራለሁ።

ቀጥሎ ቅል። ካንፒዮ የሚባለው ማጀቢያ ከቅል የተሠራ ነው። ለጋውን ቅል እንደ ጥብጣብ ልጠው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፤ ከጃፓን ምርት ውስጥ አብዛኛው የሚመጣው ከቶኪዮ በስተሰሜን ካለው ከቶቺጊ አውራጃ ነው። እኛ ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ብለናል፤ ውሃ ቀድተንበታል፣ ቅቤ ንጠንበታል፤ እራት ይሆናል ብለን ግን አላሰብንም። ደረቁ ጥብጣብ በጨው ታሽቶ ይታጠባል፣ እስኪለሰልስ ይቀቀላል፣ ከዚያ እንደ እንጉዳዩ በሶያና በስኳር በስሎ ይከተፋል። ተነሣስቶ የጓሮ ቅል መቀቀል ግን አደገኛ ነው። ለዕቃ የሚሆነው መራራ ቅል ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው፤ ለምግብ የሚዘራው ሳይመርር የተመረጠ ዘር ነው።

ካሮቱ በቀጭኑ ተቆርጦ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው በአበባ ቅርጽ ቀርጾት፣ በጥቂት ውሃ፣ ጨውና ስኳር ለአጭር ጊዜ ይበስላል። የሎተሱ ሥር ሁለት ደቂቃ ተቀቅሎ ትኩስ እንዳለ አቼቶ፣ ስኳርና ጨው ውስጥ ይነከራል፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ጃፓኖች በውስጡ መጪውን ጊዜ አሻግሮ ያሳያል ብለው ለበዓል ይመርጡታል። ሽሪምፕም ወገቡ የጎበጠ ሽማግሌ ስለሚመስል የረጅም ዕድሜ ምኞት ነው። የአተር እሸቱ የፈላ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ገብቶ ወዲያው ወደ በረዶ ውሃ ይዛወራል፤ ያለዚያ አረንጓዴው ይጠወልጋል።

የእንቁላሉ ክር ጥቂት ልምምድ ይፈልጋል። ሦስት እንቁላል ከቁንጥጫ ጨውና ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር አረፋ ሳያወጣ ይመታና በወንፊት ይጠለላል። አንድ የሻይ ማንኪያ የድንች ስታርች በጥቂት ውሃ በጥብጠው ቢጨምሩ ሲገለበጥ አይቀደድም። ሰፊ መጥበሻ በጣም ስስ ዘይት ተቀብቶ፣ እሳቱ መለስተኛ ሆኖ፣ እንቁላሉ ሥሩን ብቻ እስኪሸፍን ይፈስሳል። ቡናማ ነጥብ ከታየበት እሳቱ በዝቷል ማለት ነው። ቂጣዎቹ ሲቀዘቅዙ ተደራርበው ይጠቀለሉና በስለታም ቢላ የክር ያህል ይከተፋሉ።

ሮዙ የዓሣ ብናኝ፣ ሳኩራ ዴንቡ፣ ሱቅ ውስጥ በከረጢት ይሸጣል፤ ቀለሙ ግን ዐይን ያቃጥላል። ኖርዌይ ለሚኖር ሰው ደግሞ መግዛቱ ነውር ነው እላለሁ። ዴንቡ የሚሠራው ከኮድ ዓሣ፣ ኖርዌጂያኖች ቶርስክ ከሚሉት ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ድረስ ከባሬንትስ ባሕር ወደ ሎፎተን ዳርቻ እንቁላል ሊጥል የሚመጣው ስክሬይ የሚባለው የቶርስክ መንጋ በየሱቁ ይገኛል፤ ወቅቱ ልክ በሂናማትሱሪ ላይ ያርፋል። 200 ግራም ያህል ዓሣ እስኪፈራርስ ይቀቀልና ቆዳውና እሾሁ ይለቀማል። ሥጋው ንጹሕ ጨርቅ ውስጥ ተቋጥሮ በቀዝቃዛ ውሃ ይታሻል፤ ሽታውና ስቡ ይወጣል፣ ከዚያ ጠበቅ ተደርጎ ይጨመቃል። ይህን ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ከቁንጥጫ ጨው ጋር መጥበሻ ላይ አድርገው፣ አራት አምስት የእንጨት ቾፕስቲክ በአንድ እጅ ጨብጠው ያለማቋረጥ ያማስሉ፤ እሳቱ ትንሽ ይሁን። መጀመሪያ ሊጥ ይመስልና ተስፋ ያስቆርጣል። እየደረቀ ሲሄድ ጭረት ጭረቱ እየተለያየ፣ እየተነፋፋ፣ ጥጥ መሳይ ይሆናል። ያኔ የቀይ ሥር ጭማቂ ጠብታ ሁለት ጊዜ ጣል ያድርጉበት፤ ሮዝ ይሆናል። ልጆች ይህን ብቻ ለቅመው ስለሚበሉት የራሳቸው ድርሻ ቀድሞ ቢወጣላቸው ይሻላል።

ቶርስኩ መቀቀሉ ለጣዕም ብቻ አይደለም። የባሕር ዱር ዓሣ አኒሳኪስ የሚባል ትል ይይዛል፤ የኖርዌይ ዓሣ አጥማጅ ክቬይስ ይለዋል። በአውሮፓና በኖርዌይ ሕግ ጥሬውን የሚበላ የዱር ዓሣ እስከ ውስጡ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ24 ሰዓት፣ ወይም ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ለ15 ሰዓት መቀዝቀዝ አለበት። በእርባታ ላደገው ሳልሞን ግን ይህ ግዴታ ተነሥቶለታል፤ የሚቀለበው የተቀነባበረ ደረቅ መኖ ስለሆነ ትሉ የሚገባበት መንገድ ተዘግቷል።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሱሺ ሲባል ብርቱካናማ ሳልሞን የሚታሰበውም በዚህ ምክንያት ነው። ጃፓኖች የፓሲፊክ ሳልሞናቸው ትል እንዳለበት ስለሚያውቁ በጨው አድርገው ይጠብሱት ነበር፤ ጥሬውን መብላት አይታሰብም ነበር። ኖርዌይ በ1980ዎቹ የእርባታ ሳልሞኗ ገበያ ሲያጣ ዓይኗን ወደ ቶኪዮ ጣለች። የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩ ቱር ሊስታው በ1985 እ.ኤ.አ. ልዑካን ይዞ ጃፓን ሄደ፤ ከዚያም ፕሮጀክት ጃፓን የተባለው የገበያ ዘመቻ ተከፈተ። ጃፓኖቹ «ቀለሙም ሽታውም ልክ አይደለም» እያሉ ለዓመታት አንቀምስም አሉ። የዘመቻው ሰው ቢዮርን ኤይሪክ ኦልሰን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒቺሬይ ለተባለው የጃፓን ኩባንያ 5,000 ቶን ሳልሞን በርካሽ ሸጠ፤ ጥሬውን ለሱሺ ተብሎ እንዲሸጥ ግን ቅድመ ሁኔታ አስገባ። ከዚያ በኋላ ሳልሞኑ በጃፓን ሱሺ በተሽከርካሪ ቀበቶ በሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች ተለመደ። ሄልስፊር ሆኖ ሳልሞን ቺራሺ ላይ የሚበትን ሰው እንግዲህ ከጃፓናዊው ወግ ይልቅ የኖርዌይን የንግድ ወግ እየተከተለ ነው፤ ለሴት ልጆቹ በዓል ግን ማንም አይከለክለውም።

ጥሬ ሥጋ የሚያውቅ ሐበሻ ጥሬ ዓሣ አያስደነግጠውም። ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ተገፎ በዳጣ ጥሬውን ሲበላ አይቷል። ነገር ግን የሐይቅና የወንዝ ዓሣ የራሱ ጥገኛ ትሎች አሉት፤ የሱሺ ባለሙያዎች በባሕር ዓሣ ላይ የሚያተኩሩት በከንቱ አይደለም። ኦስሎ ውስጥ ከሱቅ የሚገዙት ሳልሞን የእርባታ መሆኑን፣ ቀኑም ቅርብ መሆኑን ማሸጊያው ላይ ያረጋግጡ፤ ሲነካ ጠንከር፣ ሲሸተት ባሕር ባሕር ማለት አለበት። ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊና ሕፃን ካሉ ሽሪምፑ ይበቃቸዋል። የኖርዌይ ሽሪምፕ ብዙውን ጊዜ መርከቡ ላይ ተቀቅሎ ስለሚመጣ መፈልፈል ብቻ ነው የሚቀረው። ሳልሞኑ 200 ግራም ያህል፣ የስኳር ኪዩብ አክሎ ተቆርጦ፣ ከመቅረቡ አሥር ደቂቃ በፊት በአንድ ማንኪያ ሶያ ይነከራል።

ለጿሚ ቤት አሰላለፉ ይቀየራል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየንስሐ አባቱ እንተወው። የሚበላ ሰው እንቁላሉን ብቻ ያስቀራል። የማይበላ ደግሞ የተጠበሰ ቶፉ በሶያና በስኳር አብስሎ ይጨምራል፤ ቢጫውን ቀለም ካሮቱ፣ ሮዙን ደግሞ በቀይ ሥር ጭማቂ የተነከረው የሎተስ ሥር ይሸፍናል። ሽታውን የሚያነሣው የተቆላ ሰሊጥ ነው። ነጩ የሑመራ ሰሊጥ ወደ ጃፓንም የሚላክ ስለሆነ እዚህ ትሪ ላይ ባይተዋር አይሆንም። ብረት ምጣድ ላይ መንጣጣት ሲጀምር ይወርዳል።

ሁሉም ሲዘጋጅ እንጉዳዩ፣ ካንፒዮውና ካሮቱ ፈሳሻቸው ተንጠፍጥፎ ከሩዙ ጋር በዚያው በመሰንጠቅ ዘዴ ይደባለቃሉ፤ ሰሊጡም አብሮ። ይህ ትሪው ላይ ይዘረጋል፣ አይጠቀጠቅም። ከላዩ መጀመሪያ የእንቁላሉ ክር ሩዙ እስኪሸፈን ይበተናል፤ ቢጫው ምንጣፍ ከተነጠፈ በኋላ ዴንቡው እዚህም እዚያም ቆንጠር ቆንጠር ተደርጎ፣ ከዚያ የሎተሱ ሥር፣ ሽሪምፑ፣ ሳልሞኑ፣ በመጨረሻ አረንጓዴው ይከተላል። ሠዓሊ ካልሆኑ አይደርድሩት፤ ከፍ ካለ ቦታ በጣት ይልቀቁት፣ ሲወድቅ የራሱን ቦታ ይይዛል። በመቀስ የተቆረጠው ኖሪ የሚረጨው እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ እርጥበት ጠጥቶ እንደ ወረቀት ይልማል።

ትሪውን ወደ ዘመድ ቤት ይዞ የሚሄድ ሰው ሩዙን ማጀቢያው ከተደባለቀበት በኋላ ከድኖ ይዞ፣ ጥሬውን ዓሣ ከበረዶ ጋር ለብቻው ይጫን፤ መበተኑ እዚያ ደርሶ ነው። ዓሣ የነካው ሩዝ በዕለቱ ያልቅ፣ ከተረፈም ይጣል። ዓሣ ያልነካው ግን በማግስቱ ሌላ ምግብ ይሆናል። የኪዮቶና የኦሳካ ሰዎች በክረምት ሙሺዙሺ የሚሉት አላቸው፤ ቺራሺውን በየሳሕኑ አድርገው በእንፋሎት ያሞቁታል። በማርች ወር ኦስሎ ገና ብርድ ነው፤ ከቀዝቃዛው ይልቅ ትኩሱ ሊጣፍጥዎ ይችላል። ሌሊቱን ማቀዝቀዣ ያደረ ሩዝ የጠጠረ ቢሆንም ለ15 ደቂቃ ያህል በእንፋሎት ሲሞቅ መልሶ ይለሰልሳል፣ አቼቶውም ረገብ ይላል። ሳሕኑ ከእንፋሎቱ ከወረደ በኋላ የእንቁላሉ ክር አዲስ ተደርጎ ይጨመርበታል።